ዳዊት ያረፈባቸው ማለዳዎች

ልጄ ታቢታ፣ ሰማያትን የዘረጋው ጌታ በስኮትላንድ ብርድ ይጠብቅሽ። እኛ በቴነሲ ደህና ነን፤ የፖም ዛፎቹም አብበዋል።

የዩኒቨርሲቲው የሂሳብ መምህርሽ «ትምህርት ቤት ሳትገቢ ይህን ማን አስተማረሽ?» ማለቱን ከጻፍሽ ወዲህ እናትሽ ደብዳቤሽን ለጎረቤት ሁሉ ታነባለች።

«ሽማግሌው፣ ቀናህ እንዴ?» አለችኝ።

«በምኑ እቀናለሁ!» አልኳት። ዋሸሁ።

በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ ማለዳ ዳዊትን እኔ፣ ከዚያም ሂሳብን እርሷ እናስተምርሽ ነበር። የሂሳብ ፈተና ሲቃረብ «ዛሬ ዳዊት ይረፍ» ስትለኝ ሰዓቴን እለቅላት ነበር። አሁን ለእርሷ ትምህርት የሚመሰክር ተገኘ፤ የእኔንስ ማን ይፈትነው?

እባክሽ፣ ፈተና ከመግባትሽ በፊት በልብሽ የምትደግሚው መዝሙር ካለ ቁጥሩን ጻፊልኝ። ከሌለም አትደብቂኝ፤ በደብዳቤ ከመዝሙር አንድ እንጀምራለን። ዳግመኛ ሰዓቴን ለሂሳብ አልለቅም።

ምርቃታችን ይከተልሽ።

አባትሽ ኦርቪል