ስምሽ በማይጠራበት ቤት

ለብርቄ፣ ለመጀመሪያ ልጄ፣

እንዴት ነሽ ብዬ መጀመር ከበደኝ። ሰው ለሰው ሲጽፍ ጤና ይጠይቃል፤ አንቺ ያለሽበት ግን ጤና የሚጠየቅበት አገር አይደለም። ስለዚህ እኔ ካለሁበት ልጀምር። ሰቆጣ ሆስፒታል ነኝ፤ ወላዶች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር። ከተለየሽን ወዲህ ማሽላ ሦስት ጊዜ ታጭዷል፤ አንደኛውስ አጨዳ አይባልም፣ አገዳውን ለፍየል ነው የሰጠነው። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ከሲስተሯ ለምኜ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ እጅ ቶሎ አይሄድም። ፊደሌን እያየሽ "እማ፣ ይሄ 'መ' ያረገዘች ፍየል ይመስላል" ትይኝ ነበር። አሁንም እንደዚያው ነው፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

አጠገቤ ታናሽሽ ታደሉ ተኝታለች። ትናንት ወለደች። ሴት ናት፤ ሕፃኗ ደህና ናት። እልል ግን አላልንም። ለምን እንዳላልን ልንገርሽ ብዬ ነው የምጽፈው። ደግሞም ዐይኔን ከታደሉ ላይ ማንሳት የለብኝም፤ እንዲያው ከተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። በየመስመሩ ቀና እያልኩ አያታለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጅሽ አድጓል። ክርስትና ሲነሣ የአባቱ ወገኖች ማስረሻ አሉት፤ ስም ነው ብዬ ዝም አልኩ። እኔ ዘንድ ነው ያለው። ፍየል ይፈራል፣ ዶሮ ላይ ግን ጀግና ነው። ሲተኛ እንዳንቺ አንድ እግሩን ከጋቢው ያወጣል፤ ስመልስለት ተመልሶ ያወጣል። በሩ አጠገብ የተከልሽው ጌሾ ደርቆ ነበር፣ ዘንድሮ ከሥሩ አቆጥቁጧል። አባትሽ ጎበጥ ብሏል። ከሄድሽ ጀምሮ ስምሽን አይጠራም፤ ሲቸግረው "ያቺ" ይላል። "ያቺ የሰፋችው ሰፌድ ወዴት ነው?" ይለኛል፤ እኔም የቱን ሰፌድ እንደሚል አውቃለሁ።

ታደሉ ከጸነሰች ወዲህ ግን "ያቺ"ም ቀረች። እንደምታውቂው በእኛ ዘንድ በወሊድ የሞተች ሴት ስም በነፍሰ ጡር ፊት አይነሣም። መንገዱን ማሳየት ነው ይባላል። ለመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት መውለድ ወግ ነውና፣ ሆዷ ሲገፋ ባሏ አምጥቶ ለእኛ ሰጠን። ከመምጣቷ በፊት ነጠላሽን ከግድግዳው አወረድኩት። ጎረቤቶቹ ልጅሽን "የማን ልጅ ነህ?" ሲሉት "የእማ" እንዲል አስለመዱት። እሱም ይላል። በገዛ ቤትሽ እንዳልነበርሽ ሆንሽ፤ ይህን ያደረግኩት እኔ ነበርኩ፣ ለታናሽሽ ብዬ።

አንቺ ያረገዝሽበት ዓመት ትዝ ይልሻል? ከዚያ ክፉ ዓመት ወጥተን፣ የዕርዳታ ስንዴ ስንለቅም ከርመን፣ ማሽላው ራሱን መሸከም ያቃተው ጊዜ ነበር። ፊትሽ ሞላ። እኛ አገር የሞላ ፊት ያየ ሰው ምን ይላል? "ተመስገን" ነው የሚለው። ጉንጩ የጎደለ ሰው ስንቀብር ኖረን የሞላ ጉንጭ ያሳስበናል? የላስቲክ ጫማሽ እግርሽ አልገባ ሲል ሳቅን። እትዬ ወርቄ፣ በሰፈሩ ምጥ በመጣ ቁጥር ከኋላ ተቀምጠው ወገብ የሚይዙት፣ "ይቺን ልጅማ ጥንድ በሬም ጎትቶ አያነሳት፤ ምን እየመገብሻት ነው?" ብለው ቀለዱብኝ። እኔም ኮራሁ። ራሴን አመመኝ ስትይ ፀሐይ ነው አልንና በሻሽ ጠፍረን አሰርንልሽ። ዐይኔ ፊት ዝንብ ይበራል ስትይ፣ ፍየሎቹ እዚያው ያድሩ ነበርና ዝንቡ እውነትም ነበር፤ በእጄ እሽ እያልኩ አባረርኩልሽ።

ይህን የማነሣው ይቅርታ ልጠይቅሽ አይደለም። የማናውቀውን አላወቅንም። የማነሣው ትናንትናና ዛሬ የሆነው ሁሉ ከዚያ ስለሚጀምር ነው።

ምጥሽ ጥሩ ምጥ ነበር። እትዬ ወርቄ ከኋላሽ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ከጎንና ከጎንሽ አድርገው፣ ወገብሽን እያሹ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ሲያጉተመትሙልሽ፣ ጀርባሽን ደረታቸው ላይ ጥለሽ እንደ ሕፃን ትሰሚያቸው ነበር። ሴቶቹ ደጅ ላይ ማርያም፣ ማርያም ይላሉ። ልጁ ወጣ፣ አለቀሰ። እልል አልን። እንኳን ማርያም ማረችሽ አሉሽ፣ ማርያም ታኑራችሁ ብለሽ መለስሽ። ገንፎው ቀረበ። ሁሉም አልፏል ብለን፣ እጃችን ቅቤ እንደነካ፣ ጥርስሽ ገጠመ። ዐይንሽ ወደ ላይ ሄደ። ሰውነትሽ ሁሉ ይወራጭ ጀመር። ትራስሽ ሥር ቢላዋ ከተቱ፣ ጋኔን ያዛት አሉ፣ ጠበል ረጩሽ። ወንዶቹ በቃሬዛ ይዘውሽ ወጡ፤ መኪና መንገዱ ሳንደርስ አረፍሽ። ስንመለስ ገንፎው እንደቀረበ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እልልታ ስሰማ ጀርባዬን ይበርደኛል፤ የሠርግም ይሁን የታቦት።

የገደለሽን ነገር ስም የነገረችኝ እዚህ ያለችው ሲስተር ናት። ልጅሽን ለክትባት ባመጣሁት ጊዜ እናቱ የት ናት ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠችና የእርግዝና ደም ግፊት ነው አለችኝ። እብጠቱ፣ ራስ ምታቱ፣ ዐይን ፊት የሚበረው ነገር፣ አንድ ላይ እንደሚመጡ፣ ሴትዮዋ ከወለደች በኋላም ሊጥላት እንደሚችል አስረዳችኝ። "እማማ፣ ጋኔን አልነበረም" አለችኝ። ወጥቼ አጥሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። በሽታ መሆኑ ለምን ከጋኔን የባሰ እንዳስለቀሰኝ እስካሁን አላውቅም።

ወደ ታደሉ ልመለስ። በቀደም ለማርያም ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት ጎረቤት አገጯን ይዛ "ታደሉ አማረባት፤ የእናት ቤት ተስማማት፣ ፊቷ ሞላ" አለች። ለአንቺ ያሉትን ያንኑ ቃል፣ በዚያው ደጀ ሰላም። ሰዎቹ ሲስቁ እኔ እጇን ይዤ ወደ ቤት መራኋት። ቤት ስንገባ እግርሽን ልጠብሽ አልኳት። ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩ። የጣቴ ጉድጓድ እዚያው ቀረ፤ ጭቃ ላይ እንደቆመ ኮቴ። ራሷን በሻሽ ጠፍራ አስራ ነበር። "አመመሽ?" አልኳት። "ለፀጉሬ ነው" አለች።

ሰቆጣ እንሂድ ስላት አልሄድም አለች። ለካ ልጄ በልቧ ሌላ ነገር ይዛ ኖራለች። አንቺን የገደለሽ መንገዱ ይመስላት ነበር፤ አራስ ከቤት ወጥታ ነፋስ መታት፣ ባይነኳት ኖሮ ትድን ነበር ብላ። ሰው ስምሽን በፊቷ ካላነሣ ማን ይንገራት? ለአባትሽም ነግራው ነበር፤ እሱም ያንኑ ያምናል። "ልጅ በቃሬዛ ሲወጣ አንዴ አይቻለሁ፣ ሁለተኛ አላይም" ብሎ በሩ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ወርቄም መጥተው "ተያት፣ አታባብያት፤ እኔ እይዛታለሁ" አሉኝ።

ያኔ ነው ስምሽን የጠራሁት። አባትሽ፣ እትዬ ወርቄ፣ ልጅሽ፣ ሁሉም ባሉበት። "ብርቄን የገደላት መንገድ አይደለም" አልኩ። እትዬ ወርቄ አማተቡና "አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? በነፍሰ ጡር ፊት?" አሉኝ። እኔ ግን አላቆምኩም። ጉንጭሽን ነገርኳት። ጫማሽን ነገርኳት። ሻሹን ነገርኳት። ዝንቡን ስነግራት ታደሉ ቀና አለች።

"ብርቄም ዝንብ ይታያት ነበር?" አለችኝ።

የሰሞኑን ቁር አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ዝንብ በአገሩ አልነበረም። አባትሽ ተነሣና በቅሎ ሊለምን ወጣ።

መንገዱን አልተርክልሽም። ሁለት ነፍስ የጫነች በቅሎ ገደል ገደሉን ስትሄድ፣ ታደሉ ባሳለች ቁጥር ልቤ አብሮ ይወርድ ነበር። አንቺ ካረፍሽበት ዋርካ ሥር ስንደርስ ወንዶቹ ዐይናቸውን መሬት ላይ አድርገው አለፉ። እኔ አየሁት። ከመንገዱ መኪና አገኘን። እዚህ ስንደርስ ሲስተሯ ክንዷን አስራ ለካች፣ ፈታች፣ እንደገና አስራ ለካች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ከዚያ ሰው ጠራች፣ መርፌ ወጉላት፣ ምጡ በመድኃኒት ይምጣ አሉ።

አንድ ሰው ብቻ አብሯት ይግባ ተባለ። እትዬ ወርቄ ይህን ሁሉ መንገድ በበትር የመጡት ለዚያ ነበር፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። "ብርቄን የያዝኩበት ነው፤ ፈራ" አሉኝ። እኒያ ቀልድ የማያጡ ሴትዮ። ስለዚህ እኔ ገባሁ።

ብርቄ፣ ወገብ መያዝ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አምስት ወልጄ ተይዤ እንጂ ይዤ አላውቅም። ከኋላዋ ተቀመጥኩ፣ ጀርባዋን ደረቴ ላይ ጣልኩ፣ እትዬ ወርቄ ለአንቺ ሲያደርጉ ያየሁትን አደረግኩ። ምጡ ሲመጣ ምጡ እኔም ውስጥ ያልፋል። ላቧ በቀሚሴ ገባ። ኽምጣኛው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እናቴ ለእኔ ትል የነበረውን እያልኩ አገኘሁት። ታደሉ በመሃል ዞር ብላ "እማ፣ ጉልበትሽ ወጋኝ፣ ምን ያህል ከሳሽ" አለችኝ። ሲስተሯ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ጥርሷን እያየሁ ነበር፤ እንዳይገጥም።

ሕፃኗ ስታለቅስ እትዬ ወርቄ ደጅ ሆነው ሰሙ። እልል ማለታቸው አይቀርም ብዬ ሮጬ ወጣሁ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ በመዳፌ ከደንኩት። ገባቸው። ተቃቅፈን ቆምን።

አሁን እንግዲህ ያለንበት ይህ ነው። ሲስተሯ ግፊቱ ገና አልወረደም ትላለች፤ ጥቂት ቀን ይጠበቅ፣ ራሷን ካመማት፣ ዐይኗ ብዥ ካለባት ጥሩኝ ብላለች። አራስ ብቻዋን አትተውም የሚሉት አባቶቻችን ምክንያቱን ሳያውቁ ልክ ነበሩ። ትራሷ ሥር ቢላዋ የለም፤ እኔ ነኝ ያለሁት። ዐይኗን በገለጠች ቁጥር "ምን ይታይሻል?" እላታለሁ። "አንቺ፣ ተኮሳትረሽ" ትለኛለች። "ግድግዳ" ትለኛለች። "እንቅልፍ የምትከለክል አሮጊት" ትለኛለች። በስድቧ እጽናናለሁ።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ግን ጠይቄያት ቶሎ አልመለሰችም። እኔን አልፋ ታያለች። ከንፈሯ ደርቋል። "ምን ይታይሻል?" አልኳት ደግሜ።

"ብርቄ" አለች።

ሲስተሯን ልጠራ ስነሣ እጄን ያዘችኝ። የምታየው ከጎኗ ያለችውን ሕፃን ነበር። "ግንባሯን እይው" አለችኝ፤ "እማ፣ የብርቄ ግንባር አይደለም?"

አየሁት። ነው። ያው ጎላ ያለ ግንባር፣ ሻሽ የሚንሸራተትበት። ቁጭ ብዬ ስምሽን ደጋግሜ ጠራሁት፤ ታደሉም እየጠራች ተኛች።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሁላችንም ከተመለስን፣ ነጠላሽ ግድግዳው ላይ ይወጣል። ልጅሽ የማን ልጅ ነህ ሲሉት የብርቄ እንዲል አስተምረዋለሁ። ለሚያረግዙት ሁሉ ስምሽን በፊታቸው እጠራለሁ፤ ቢያማትቡም ያማትቡ። እልልታው አፌ ውስጥ ነው ያለው። ሲስተሯ ሂዱ ባለችን ዕለት፣ ደጃችን ላይ ቆሜ የታናሽሽን እላለሁ፤ ከዚያ ያንቺን፣ ገንፎው ላይ የተቋረጠውን፣ እስከ መጨረሻው እልልሻለሁ። እስከዚያ ግን ከንፈሬን ገጥሜ እጠብቃለሁ።

አሁን ዐይኗን ገለጠች። ልጠይቃት።

እናትሽ