አጎቴ ከደጅ የለካቸው መስኮቶች

ይድረስ ለተወደድከው ወንድሜ ለሉቃስ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለፈው ክረምት ያስቸገረህ ወገብህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ሱቅ ውስጥ ቆመህ ስትውል ያምሃል? ኤልሳቤጥስ እንዴት ናት? አገሩን ለመደችው? ልጃችሁ ትህትና ሁለት ጥርስ አወጣች ብለህ ፎቶዋን ከላክህ ወዲህ እማዬ ስልኬን ከእጄ እየነጠቀች ለመጣ ሰው ሁሉ ታሳያለች። ባትሪዬን የሚጨርሰው ሥራዬ ሳይሆን የልጅህ ጥርስ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ከጉልበቷ በቀር አንድም ነገር አላመማትም፤ ጉልበቷንም ቢሆን ወደ ጸሎት ቤት ስትሄድ ትረሳዋለች። ዝናቡ ዘንድሮ ጥቅምት ገብቶም አላባራም፤ ጂንካ ጭቃ በጭቃ ሆናለች።

ደብዳቤ ለምን እንደጻፍኩ ልንገርህ። በስልክ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ «አሉሚኒየም ብያለሁ፣ አሉሚኒየም ነው» ብለህ አቋርጠኸኛል። ወረቀት አይቋረጥም። የጎረቤታችን ልጅ እውነቱ በዚህ ሳምንት ወደ እናንተ አገር ስለሚነሳ በእጁ ሰድጄልሃለሁ። ተቀምጠህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ በኋላ ልትቆጣ ትችላለህ።

አዲሱ ቤታችን ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮው ተመትቷል። የውስጡ ልስን አልቋል፤ የውጪው ዝናቡ እስኪያቆም ይጠብቃል። ውዝግባችን ስለ አራቱ መስኮቶች ነበር። አንተ አሉሚኒየም፣ እማዬ እንጨት፣ እኔ ብረት። ግንበኛው ቦሼ «አራተኛውን እኔ በቀርከሃ ልሥራላችሁና ተገላገሉ» እያለ ሲስቅብን ከረመ።

እኔ አሉሚኒየም መጥፎ ነው አልልህም። አይዝግም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ቀለም አይጠይቅም። ነገር ግን አንተ የምትፈልገው የሚንሸራተተው ዓይነት ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው። የእማዬን ምድጃ ታውቀዋለህ፤ ያን ጭስ ግማሽ መስኮት አያወጣውም። መንሸራተቻው አቧራና ቅጠል ሲሞላ ደግሞ ነክሶ አልከፈት ይላል። እዚህ አንድ አዲስ ሕንፃ ላይ ጎማው ተበጣጥሶ ዝናብ ያስገባል፤ ዕቃው ከአርባ ምንጭ እስኪመጣ ተብሎ በካርቶን ከተደፈነ ስድስት ወር ሆነው። እንጨትም ቢሆን ደረቅ ዋንዛ ቢገኝ እጄን አነሳ ነበር። የሚሸጠው ግን ውኃው ያልወጣለት እርጥብ ጣውላ ነው። የድሮውን ቤት መስኮት አስታውሰው፤ በዝናብ ጊዜ አብጦ በትከሻችን እየገፋን እንዘጋዋለን፣ በጥር ተጣሞ ክፍተቱን በጨርቅ እንወትፈዋለን። ብረት ይዝጋል፤ አልክድም። ብየዳው ተሞርዶ ፀረ ዝገት ሁለት ጊዜ ከተቀባ ግን ከእኛ በላይ ይኖራል፤ ቢበላሽም ጠጋኙ መናኸሪያው ጀርባ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አምስት ዓመት ምህንድስና ተምሬ ዛሬ የማስተምረው ናርዶስ ነኝ። መናኸሪያው ጀርባ ያለው በያጅ ማን እንደሆነ የማውቀው ናርዶስ ደግሞ የአባባ ልጅ ነኝ። እሱ ሻንቆ ነው፤ የአባባ ታናሽ ወንድም።

አንተ ይህን ከእኔ አስቀድመህ ታውቃለህ፤ ግን በቤታችን አንድም ቀን ጮክ ተብሎ ስላልተነገረ እኔ ልጻፈው። አያታችን ቀጥቃጭ ነበሩ። ዶማ፣ ቢላዋና የእጅ አምባር ሠርተው እስከ አልዱባ ገበያ ያወርዱ ነበር። የአገራችን ገበሬ የሳቸውን ዶማ ይዞ ያርሳል፤ ቤቱ ግን አያስገባቸውም። ምግባቸውን በኮባ ቅጠል ደጅ አውጥቶ ይሰጣቸዋል፤ ልጁን አይድርላቸውም። አባባ ይህን ሸሽቶ ጂንካ ገባ፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ፣ እስኪሞት ድረስ መዶሻ አልጨበጠም። ዘራችንን የጠየቀን ሰው ካለ ገበሬ ነን እንድንል አስተማረን። ሻንቆ ከዓመታት በኋላ የብየዳ ማሽኑን ይዞ ከተማ ሲመጣ እማዬ በዚያ በኩል ማለፍ ተወች። በቤታችን ስሙ «ያ በያጅ» ሆነ።

አንተ አሥረኛ ክፍል ሳለህ ልጆቹ ዙሪያህን ከበው «ሻንቆ አጎትህ ነው አይደል?» ሲሉህ «አላውቀውም» ማለትህን ሰምቻለሁ። እኔ ያኔ ትንሽ ነበርኩ፣ ከአጥሩ ማዶ ቆሜ ነበር። አልወቅስህም ሉቄ። እኔም ብጠየቅ ያንኑ እል ነበር። ዛሬ «አሉሚኒየም» ስትለኝ ግን ያን ቀን የመለስከው መልስ ይሰማኛል።

አሁን የቀድሞ እጮኛዬን የዘሩባቤልን ነገር ሙሉውን ስማ። በስልክ «አልተስማማንም» ብዬህ ነበር፤ ውሸቴን ነው። ሽማግሌ መጥቶ፣ ቀን ተቆርጦ፣ እማዬ ልብሷን አሰፍታ ነበር። ከዚያ አባቱ፣ ከእኛው ጋር በአንድ አዳራሽ የሚዘምረው ሰው፣ ዘራችንን አስጠንቶ ሁለት መልእክተኛ ላከ። «ልጅቷ ትምህርቷም ጠባይዋም ያማረ ነው፤ የአያቷን ፍም ግን ወደ ቤታችን አናስገባም» አሉን። ዘሩባቤል አብሯቸው አልመጣም። በማግስቱ እሱ ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሄጄ መምህራኑ ፊት ጠየቅኩት። ጠመኔ የነካውን ጣቱን እያየ «ናርዶስ፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አለኝ። «ጊዜ የሚሰጠው ለሚያድግ ነገር ነው» ብዬው ወጣሁ። ሦስት ቀን አለቀስኩ። በአራተኛው ቀን ፊቴን ታጥቤ ወደ ሻንቆ ሄድኩ።

ልቡ እንዴት ያለ እንደሆነ አታውቅም። «እርስዎ» ብዬ ስጀምር «እርስዎ የሚባለው የቢሮ ሰው ነው፤ አንቺ የወንድሜን ግንባር ይዘሽ መጥተሽ እርስዎ ትይኛለሽ?» አለኝ። የቤታችን መስኮት እንዲሠራልኝ ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እናትሽ ታውቃለች?» አለ። «ታውቃለች» አልኩት። እሷ ግን ብረት መፈለጌን እንጂ ወደ ማን እንደሄድኩ አታውቅም ነበር።

ቅዳሜ ሊለካ ሲመጣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ እማዬም አልነበረችም። ቦሼ ብቻ ነበር። በሳምንቱ ሁለቱን መስኮት ሠርቶ በጋሪ አመጣቸው። ብየዳው ልክ እንደ ስፌት ነው፤ እጅህን ብታሳልፍበት አንድም ነገር አይይዝህም። ወደ ግድግዳው ሲያስጠጉት ግን አልገባ አለ። በጎን ቢሉት፣ አዘንብለው ቢሞክሩት እምቢ አለ። ቦሼ «ሻንቆ፣ ይህን ቤት ነው የለካኸው ወይስ የሰርግ ድንኳን?» ብሎ አላገጠበት። አጎቴ ልኩን የጻፈበትን ካርቶን ከኪሱ አወጣ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ እንደገና ለካ፤ ቁጥሩ ልክ ነው። እኔ ወደ ውስጥ ገብቼ ስለካው አራት ሳንቲም ይጠባል። የውስጡ ልስን በየጎኑ ሁለት ሁለት ሳንቲም ወደ ክፍቱ ገብቷል፤ የውጪው ገና ስላልተለሰነ ከደጅ ለሚለካ ሰው ሰፊ ነው። አንድ ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ እቆጣው ነበር።

«ለምን ከውስጥ አልለካህም?» አልኩት። ካርቶኑን ወደ ኪሱ መለሰ። ቦሼ ነው የመለሰልኝ። «ግባ ብዬው ነበር፤ እምቢ አለ። ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደበት አራቱንም ከደጅ ነው የለካው» አለኝ። አጎቴ ያኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአገራችን ቋንቋ በአሪኛ ተናገረ። የሌላ ሰው ቤት ሥራ ስለሆነ እንደሚገባ፣ ይህ ግን የወንድሙ ቤት መሆኑን፣ የወንድም ቤት ደግሞ የቤቱ እመቤት ሳትጠራ እንደማይገባ ነገረኝ።

ወንድሜ፣ ያን ጊዜ አፈርኩ። ለካ መስኮት ሥራልኝ ብዬ ጠራሁት እንጂ ና ግባ ብዬ አልጠራሁትም። የዘሩባቤል አባት በመንገድ ሲያልፍ እያየ እንዲቃጠል ብዬ የአጎቴን እጅ ለራሴ ጠብ ተዋስኩት። እነሱ ዶማውን ወስደው ሰውየውን ደጅ እንደተዉት እኔም መስኮቱን ወስጄ ደጅ ተውኩት። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ለአንተ ብቻ ነው።

ዘወር ስል እማዬ ከጸሎት ተመልሳ ጃንጥላዋን እንደያዘች ከኋላችን ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጃንጥላዋን አጥፋ ለቦሼ ሰጠችው፣ ሜትሩን ከእጄ ወሰደች፣ ጫፉን ለአጎቴ ዘረጋችለትና «ሻንቆ፣ ይህን ያዝና ግባ» አለችው። «ጫማዬ ጭቃ ነው» አላት። «ወለሉም ጭቃ ነው» አለችው። ገባ። በሩ ላይ ትንሽ ጎንበስ አለ፤ በሩ ረጅም ነው፣ ጎንበስ የሚያስብል ነገር የለውም። አራቱንም መስኮት ሁለቱ ለኩ፤ እማዬ ቁጥሩን ታነባለች፣ ስትሳሳት እሱ ያርማታል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ እማዬ ቆጮና ጎመን በአንድ ሳህን አቀረበች፤ ለብቻው አልቆረሰችለትም። ጥቂት ጎረሰና «የወንድሜ ሚስት፣ ጨው ዱሮም እንዲህ ታሳንሺ ነበር?» አላት። «ዱሮ መጥተህ ብትቀምስ ታውቅ ነበር» አለችው። «ዱሮ ብትጠሪኝ እመጣ ነበር» አላት። እማዬ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሳች፣ አጎቴ ጎመኑን ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ እማዬ ተነሥታ ጨው አመጣች።

ክፈፎቹ ተቆርጠው ተስተካክለው ሦስቱ መስኮቶች ቆመዋል። ሰማያዊ ቀለም የመረጠችው እማዬ ናት። ባለፈው እሑድ አንዲት ሴት አጥሩ ጋ ቆማ ማን እንደሠራው ስትጠይቃት «የባሌ ወንድም» አለቻት፤ ሴትየዋ ያልሰማች መስሏት ደግማ ነገረቻት። እውነቱን ሳልነግርህ አላልፍም፤ ወተት ከእኛ ትገዛ የነበረች ጎረቤታችን ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም። እማዬ ወተቱን አርግታ ለአጎቴ ላከችለት። ዘሩባቤልም እንነጋገር ብሎ ሁለት ጊዜ ጽፎልኛል። ከአባቱ ጋር በበሩ ገብተው ከዚያው ሳህን ከበሉ እሰማዋለሁ፤ ካልሆነ ዕድሜ ይስጠው፣ ከሌላ ጋር ይኑር። እንደዚያ ስልህ አልጨከንኩም፤ አሁንም ስሙን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ግን ለመወደድ ብዬ አያቴን አልክድም።

የቀረው አራተኛው መስኮት ነው፤ እሱም የአንተ ክፍል ላይ ነው። ስትመጡ ሦስታችሁም የምታርፉበት። አሉሚኒየም ካልክ ቃሌ ነው፣ ከአርባ ምንጭ አስመጥቼ አስገባልሃለሁ፤ እማዬም አትከፋም። ሰው በሌላ ሰው እልህ መስኮት እንደማያስገባ ተምሬያለሁ።

የኤልሳቤጥን ጉንጮች ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ጫማ ለጂንካ ጭቃ ባይሆንም ለእግሬ ሆኗል በልልኝ። ትንሿ ትህትናን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ አክስትሽ ኃይለኛ ናት ብለህ ከአሁኑ አስለምዳት። እማዬ «ልጄ፣ ወገብህን ሞቅ ባለ ነገር እሰረው፣ ጌታ ከክፉ ሰው ይጠብቅህ» ብላሃለች። ቦሼም ሰላም ይልሃል፤ ቀርከሃው ዝግጁ ነው ብሏል።

አጎቴ ሻንቆም ሰላም ብሎሃል። የክፍልህ መስኮት በብረት ከሆነ ወደ ውስጥ ይከፈት ወይስ ወደ ውጪ ብሎ ጠይቆኛል፤ እኔ አላውቅም አልኩት። ቁጥርህን ብሰጠው ካርቶኑ ላይ ጻፈው፣ ግን አልደወለም፤ ልጁ ሥራ ላይ ይሆናል እያለ ቀኑን ያሳልፋል። የእሱን ቁጥር በዚህ ወረቀት ጀርባ አስፍሬልሃለሁ። ማሽኑ ስለሚጮህ በምሳ ሰዓት ደውልለት። ማን ልበል ይልሃል፤ የወንድምህ ልጅ ነኝ በለው።

እህትህ ናርዶስ
ጂንካ
ጥቅምት 18 ቀን 2012 ዓ.ም.