ትልቁና ትንሹ ዩፎኒየም

ሰበታ፣ ሐሙስ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ሻምበሉ ለሙዚቃ ክፍላችን ከመጡት ሁለት አዳዲስ ዩፎኒየሞች፣ ከእነዚያ ወፍራም ድምፅ ካላቸው የነሐስ ጥሩምባዎች፣ አንዱን ምረጥ አሉኝ። ትልቁን ስነፋው ድምፁ ክፍሉን ሞላው፤ ግን ዜማው ሳያልቅ ትንፋሼ አለቀ፣ ዓይኔም ጨለመብኝ። በጾም፣ በባዶ ሆድ! ትንሹ አላስቸገረኝም፣ ድምፁ ግን የታፈነ ነው። አፍሬ «ትንሹ ይሁንልኝ» አልኩ። «ነገ ጠዋት ፈርመህ ውሰድ» አሉኝ።

ቤት ገብቼ በዘጠኝ ሰዓት እህል እንደቀመስኩ ትንፋሼ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ግቢውን ስዞር ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ በአጥር በኩል ጠሩኝ። የሆነውን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«እኔ በሬ ስገዛ ርቦኝ ገበያ አልወጣም። ጾሙ ያልፋል፤ ያ ትንሹ ግን አብሮህ ሊኖር ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሻምበሉን ነገ ድጋሚ ልሞክር ብላቸው እሺ ይሉኝ ይሆናል። ግን ነገም ጾም ነው። ጠዋት ቀመስ አድርጌ ብሄድስ? ይህን ለባለቤቴ ለአስካለ ባነሳላት «ለቆርቆሮ ብለህ ጾም ልትሽር!» ብላ ጮኸችብኝ።

አሁን ኮቴን ሳነሳ ኪሱ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ቂጣ አገኘሁ። እሷ ፊቷን አዙራ ጥጥ ትፈትላለች።