ወ/ሮ ሸዋረገድ ኃይሉ እና የሱራቱ ክስ

ወ/ሮ ሸዋረገድ ከአባታቸው ከአቶ ኃይሉ ተሻገር እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውብነሽ ዓባይነህ በ1952 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው የልብስ ስፌት ተማሩ። በ1978 ዓ.ም. አቶ ፍቅረማርያም ደስታን አግብተው ዕድላዊትንና ዕዝራን ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዲቪ ደርሷቸው ወደ አሜሪካ መጡ፤ ሆቴል ውስጥ ልብስ ሲያጥቡ ቆይተው በ2005 ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የሀበሻ ልብስ ሱቅ ከፈቱ።

ታናሽ እህታቸውን ወ/ሮ ሰርካለምን ስፖንሰር አድርገው ያመጡ፣ መርፌም ያስያዙ እርሳቸው ናቸው። ሆኖም ወ/ሮ ሰርካለም በ2013 ከወንዙ ማዶ ባለችው የአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ የራሳቸውን ሱቅ ሲከፍቱ ሙሽሮች ድልድዩን እየተሻገሩ ወደዚያ ይጎርፉ ጀመር። ሲልቨር ስፕሪንግ የቀሩትም ስልካቸውን አውጥተው «እንደዚህ ይሠሩልናል? የአሌክሳንድሪያዋ ሥራ ነው» ይሉ ነበር። ወ/ሮ ሸዋረገድ ፈገግ ብለው ይለኳቸዋል፤ ሲወጡ ግን ምሳ አይበላላቸውም።

በ2018 ዕድላዊት ስታገባ ወ/ሮ ሰርካለም የወይን ሐረግ የመሰለ ጥለት ነድፈው የሙሽራዋንም የእናቷንም ቀሚስ በስጦታ ሰፉ። እንግዳው ሁሉ «ማን ሠራው?» ሲል አመሸ። ልጅ የዳሩት እናት በገዛ ድግሳቸው የእህታቸውን ስም ሲሰሙ አመሹ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወ/ሮ ሰርካለም ካምፓኒ አቋቁመው ያንኑ ጥለት ሕንድ አገር፣ ሱራት ከተማ በፋብሪካ አሠሩት፤ ገበያውም ደራ። ወ/ሮ ሸዋረገድ አልቻሉም። እርሳቸውም ካምፓኒ አቋቋሙ፣ እህታቸው ያላስመዘገቡትን ጥለት ሕንድ አገር በስማቸው አስመዘገቡ፣ የእህታቸው ካምፓኒ ማምረቱን እንዲያቆምም እዚያው ሱራት ከሰሱ። ወ/ሮ ሰርካለም «ጥለቱ ከምዝገባው በፊት በአደባባይ የታየ ነው» ብለው የሠርጉን ፎቶ አቀረቡ። በእነዚያ ዓመታት ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግራና ቀኝ ተቀምጠው እየዘመሩ አይነጋገሩም ነበር።

በ2022 ወ/ሮ ሸዋረገድ ለምስክርነት ሱራት ሄዱ። ጠበቃቸው «ፎቶው ላይ ያለው ሌላ ጥለት ነው ካሉ እናሸንፋለን» ብሏቸዋል። ዳኛዋ ፎቶውን አሳይተው «ይህን ማን ነደፈው?» አሏቸው። ፎቶው ላይ ወ/ሮ ሸዋረገድ ቆመዋል፤ ወ/ሮ ሰርካለም እግራቸው ሥር ተንበርክከው የቀሚሳቸውን ጫፍ ያስተካክላሉ።

«እህቴ ናት። እኔ ቀንቼ ነው» አሉ።

አስተርጓሚው ግራ ተጋብቶ «ቅናቱንም ልተርጉመው?» ሲላቸው፣ «እሱን ከተውከው ምኑን ተረጎምከው?» አሉት። ምዝገባው ተሰረዘ።

እርቁ ቀላል አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንድ ዓመት ሙሉ ተመላልሰውበታል። ከታረቁም በኋላ ወ/ሮ ሸዋረገድ «ቅናት እንደ ስኳር በሽታ ነው፤ አይድንም፣ ይያዛል እንጂ» ይሉ ነበር።

በ2024 የጣፊያ ካንሰር ሲገኝባቸው ወ/ሮ ሰርካለም ሱቃቸውን ዘግተው አስታመሟቸው። ጠያቂዎች «እንዲህ ያለች እህት ይስጠን» ሲሉ በሽተኛዋ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ «እሷ ታማ ቢሆን የእኔን ማስታመም ታዩ ነበር!» አሉ። ወ/ሮ ሰርካለም እየሳቁ አለቀሱ።

ወ/ሮ ሸዋረገድ ማርች 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ተሰበሰቡ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና የሚወዷቸው እህታቸው ወ/ሮ ሰርካለም ኃይሉ በሐዘን ተሰናብተዋቸዋል።

ማንም ከማንም በማይበልጥበት ቤቱ ጌታ ያሳርፋቸው፤ እኛንም በመጽናናቱ ይደግፈን።