የፋቅኳት ሰረዝ

ጥሩዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሞላ። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺን ዋሽቼሽ አላውቅም። ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲታደል ያንቺ ድርሻ ስለቀረ ሻዬን መራራውን መጠጣት ለምጃለሁ። የፊዚክስ መጻሕፍትሽን ታስተምሪበት ለነበረው ትምህርት ቤት ስጥ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ገና ነው።

የምጽፍልሽ ጥፋቴን ልነግርሽ ነው። አዲስ አበባ ካለው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛሽ ከታምራት ጋር ሁለት ዓመት በደብዳቤ ተሟግታችኋል። ብርሃንን በሚውጥ ነገርና ሌዘር በሚባለው መሣሪያ ድንጋይ፣ ማለትም ብርሃንን አበርትቶ በሚያወጣው ውስጥ፣ ቀለማት የሚበታተኑት በአንድ አቅጣጫ ነው ይላል እሱ። አንቺ ደግሞ የለም፣ በተቃራኒው ነው ትያለሽ። ወንዛዬ ፍል ውኃ የሄድን ጊዜ እንኳ ጭቃው ላይ በእንጨት ቁጥር ስትጭሪ፣ ሰዉ ድግምት የምትሠሪ መስሎት ሸሽቶን ነበር።

ጽሕፈትሽ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል፣ ደብዳቤሽን በንጹሕ የምጽፈው እኔ ብራና ጸሐፊው ነበርኩ። የመጨረሻውን ስሌትሽን ስጽፍ ከአንዱ ቁጥር ፊት አጭር ሰረዝ ነበረች። ከጻፍኳት በኋላ ብዕርሽ አዳልጦሽ መሰለኝና፣ ብራና ላይ እንደለመድኩት በምላጭ ፋቅኳት። አልጠየቅኩሽም።

ታምራት «ስሌትሽ እኔን ይደግፋል» ብሎ ሲመልስልሽ ረቂቅሽን ስትመረምሪ ከረምሽ። ስህተት አላገኘሽበትም፤ ከየት ይምጣ? ታመሽ አልጋ ላይ ሆነሽ «ምናልባት ጭንቅላቴ ደክሞ ይሆናል» አልሽኝ። ይህ ቃልሽ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

በቀደም ሣጥንሽን ስከፍት ረቂቁን አገኘሁት፤ ሰረዟ አለች። ባልደረባሽን መምህር ብጠይቀው የመቀነስ ምልክት ናት፣ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በሷ ነው አለኝ። ያደረግኩትን ሳልደብቅ ለታምራት ጻፍኩለት። ትናንት መልሱ ደረሰ፦ «ሰረዟ ካለችማ ትክክሏ እሷ ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ለተማሪዎቼም በእሷ ስሌት አስተምራለሁ።»

አንብቤ አለቀስኩ። ብትኖሪ ሳምንት ታኮርፊኝና ከዚያ እስክትሞቺ ትስቂብኝ ነበር። ይቅር በይኝ፣ ጥሩዬ።

በኛ ሙያ ቀዩ ቀለም ለቅዱሳን ስም እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ። ዛሬ ስሌትሽን ብራና ላይ ጻፍኩት። ሰረዟ ጋ ስደርስ ጥቁሩን ብዕር አስቀምጬ ቀዩን አነሳሁ። እጄ ብዕር መያዝ እስከቻለ ድረስ ካንቺ ነገር አንዲት ጭረት አልፍቅም።

ባልሽ