የገመዱ ሁለት ጫፍ

ኅዳር 3

ቀኑን ሙሉ ሸራ ስሰፋ ዋልኩ። የመድኃኒት ቤቱ የበር ጥላ ነው፣ አረንጓዴና ነጭ። ወፍራሙን መርፌ ሁለቴ ሰበርኩት። ጋሼ፣ የሸራ ቤቱ ባለቤት፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ "መርፌ በነፃ የሚያድለን አለ እንዴ?" አለኝ። ቢሆንም አይጨክንብኝም። የክሩን ጫፍ ሳላስር ማሽን አላስነሳም፣ እሱ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠላው የሚተረተር ስፌት ነው።

ወደ ማታ ታናሼ መጣ። ሥራው ምሰሶ ላይ እየወጣ ሽቦ መጠገን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከፍታ ላይ ውሎ እሁድ ደግሞ ሌላ ከፍታ ያምረዋል። ከከተማ ወጥተን ወደ ተራራው እንሄዳለን፣ ረጅም መንገድ በእግር፣ ከዚያ ቋጥኝ። እሱ ይወጣል። እኔ ከታች ገመዱን እይዛለሁ። እኔ ራሴ ወጥቼ አላውቅም። አንድ ሰው መሬት ላይ መቅረት አለበት አይደል?

ኅዳር 7

እሁድ። ትንሹ አለት።

ገመዱን ምላጭ መለሰልን። ምላጭ የምንለው ፀጉር አስተካካይ ጓደኛውን ነው፣ ተውሶት ነበር። "ጫፉ ተበልቶ ነበር፣ አስተካክዬዋለሁ" አለ። እውነትም ጫፉ በላይተር ተተኩሶ አዲስ መስሏል። ታናሼ ገመዱን ለሁለት አጥፎ ጫፍና ጫፉን አገጣጠመ። ቀዩ ምልክት ልክ መሃሉ ላይ ነው። "ሙሉ ነው" አለና ተነሳ።

ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደቀ።

እጁ ከድንጋዩ ሲላቀቅ አየሁት። ያዝኩት፣ አዎ፣ ያዝኩት። ግን ወገቤ ላይ ያለው መያዣ ብረት ከመንከሱ በፊት ገመዱ መዳፌን ልጦ አንድ ክንድ ያህል ሾለከ። ማንም አላየም። እሱ አየር ላይ እየተወዛወዘ ይስቃል። "ያዝሽኝ አይደል? ምን ታፈጪያለሽ?"

ባይነክስ ኖሮስ?

ኅዳር 9

መዳፌ በፋሻ ተጠቅልሏል። ለጋሼ የምጣድ እጀታ ነው አልኩት።

ማሽኑ ላይ ቁጭ ብዬ ድንገት እጄን አየዋለሁ። ትንሽ እጅ ናት። ይቺ ናት እንግዲህ አንድ ሰው የምትይዘው። መርፌው ወረድ ወጣ ሲል ልቤም አብሮት ድው ድው ይላል። ቢያልበኝስ? ባስነጥስስ? ንብ ብትመጣስ? ድሮ እነዚህን ነገሮች አስቤአቸው አላውቅም። አሁን አንዱን ሳባርር ሌላው ይመጣል።

ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይላሉ። እኔ ነኛ።

ኅዳር 14

አፈርኩ።

እሱ ግማሽ ላይ ነበር። የቀበቶው ዘለበት የተከፈተ መሰለኝ። ከታች፣ በፀሐይ፣ የሆነ ነገር ብልጭ አለ። "ቁም!" ብዬ ጮህኩ። ተራራው ሁሉ ነው የሰማው። ደንግጦ እግሩ ሊንሸራተት ነበር። ዘለበቱ ደህና ነው። ብልጭ ያለው ሰዓቱ ነው።

ወረደ። ሲቆጣ እንደ እማዬ አፍንጫው ይነፋል።

"እታለም፣ ልትገድዪኝ ነው?"

"የተከፈተ መስሎኝ..."

"መስሎኝ፣ መስሎኝ! ባለፈው እሁድም መሰለሽ። እባብ ያየ በልጥ በረየ! እንዲህ ከጮህሽብኝ እዚያው ላይ በድንጋጤ ነው የምሞተው።"

ምላጭ በመሃል ገብቶ፣ "ተዋት፣ ገና ፀጉሯን ሳልቆርጣት ቆሞባታል" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ሁለተኛ አልጮህም። ሳላጣራ አልጮህም።

ኅዳር 16

እራት ላይ አወጣው። "እሁድ ረጅሙን እወጣለሁ።"

ረጅሙ ከትንሹ አለት ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። አፋፉን ለማየት አንገት እስኪሰበር ቀና ማለት ነው። እስከ ዛሬ እየተቀመጥን ምሳ የበላነው ከሥሩ ነው። ሰው የሚወጣው ነገር ነው ብዬ አስቤው አላውቅም።

እማዬ ድስቱን ልትመልስ ወጥታ ነበር፣ አልሰማችም። "ምላጭ ይያዝልህ" አልኩት።

"ምላጭ ወሬ ሲጀምር እጁን ይረሳል። እኔ ከአንቺ እጅ ሌላ አላምንም።"

የቀረውን እንጀራ ጠቅልዬ አነሳሁ።

ኅዳር 19

ዛሬ ልነግረው ቆርጬ ነበር። ፈርቻለሁ፣ ባለፈው ገመዱ ሾልኮብኛል፣ አልይዝም። ሦስት ነገር። ከሥራ ስወጣ መንገድ ላይ እየደጋገምኩ አጠናሁት። በሩን ስከፍት መሬት ላይ ዘርፈጥ ብሎ ጫማውን ይቦርሻል፣ እያፏጨ። እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት መቼ ነው?

ከአፍ የወጣ አፋፍ። አንዴ ካልኩት መልሼ አልውጠውም። በኋላም በእጄ አይተማመንም። ሳይተማመን ቢወጣ ደግሞ የባሰ ነው።

ፈሪ መሆኔን መናገርም ፈራሁ።

ኅዳር 20

እማዬ ልብስ እያጣጠፈች፣ "ነገ ሽርሽር ናችሁ?" አለች። ሽርሽር ነው የሚመስላት። ዛፍ ሥር ተቀምጠን ብርቱካን የምንልጥ።

"አዎ እማዬ።"

"ያንን ጦጣ ይዘሽልኝ ነይ።"

ሁልጊዜ የምትለው ነው። ዛሬ ግን መዳፌን አቃጠለኝ።

ኅዳር 21

በሕይወት አለ። ደህና ነው። ሁለታችንም ቤት ነን። እጄ አልጽፍ አለኝ።

ኅዳር 22

አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ። ውሸትም አይደለም።

ትናንት ነፋስ ነበር። የረጅሙ ሥር ሹል ሹል ድንጋይ ነው፣ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ። ታጠቅን። እሱ አንዱን ጫፍ ወገቡ ላይ አሰረ። እኔ ሌላውን ጫፍ፣ መሬት ላይ የሚቀረውን፣ ወፍራም አድርጌ ቋጠርኩት።

አየኝ። "ለምንድን ነው የምትቋጥሪው? ገመዱ ይተርፋል እኮ። ስንጎትተው ይያዝብናል።"

"ይያዝ።"

"የእማዬ መሀረብ መሰለሽ? ሳንቲም ነው የምትቋጥሪበት?"

ምላጭ ከት ብሎ ሳቀ። አልፈታሁትም። ምንም የማውቀው ነገር አልነበረም። ጫፍ ሳላስር አልጀምርም፣ በቃ፣ የእጅ ልማድ ነው።

ወጣ። ድንጋዩ ላይ በተተከሉት ብረቶች ገመዱን እያሳለፈ፣ ቀስ እያለ። አወጣጡ ያምራል፣ ይህን መካድ አልችልም። እኔ እለቃለሁ፣ እለቃለሁ። ትንፋሼን ይዤ ነው መሰለኝ ደረቴ አመመኝ።

ከዚያ ቀዩ ምልክት በእጄ ውስጥ አለፈ።

ቀዩ ግማሽ ነው። ገመዱ አፋፉ ላይ በተተከለው ቀለበት ዞሮ ነው ሰውየውን የሚያወርደው፣ ስለዚህ ግማሹ ሳያልቅ መድረስ አለበት። እሱ ደግሞ ገና አልደረሰም። ወይስ እንዲህ መሰለኝ? ቀይ ነበር ወይስ መዳፌ ደምቶ ነው? መዳፌን ገልጬ ማየት አልቻልኩም፣ ገመድ ይዟላ። እንደገና መሰለኝ ልል ነው? አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። በኋላ ጮህኩ፣ "ቁም! ምልክቱ!" ነፋሱ ወሰደው። ባለፈው እሁድ ተራራው ሁሉ የሰማው ጩኸት ትናንት ከጥርሴ አልራቀም።

ደረሰ። ገመዱን ቀለበቱ ላይ አሳልፎ ተንጠለጠለ። እጁን አወዛወዘ፣ አውርጂኝ።

ምን ላድርግ? አወረድኩት። ሙሉ ነው ብሎ የለ? ለክቶ የለ? ስንዝር በስንዝር አወረድኩት። መሬት ላይ ያለው የገመድ ክምር ሲያንስ እያየሁ። አነሰ። አነሰ። "ምላጭ! ገመዱ! ገመዱ!"

ቋጠሮው ከመሬት ተነሥቶ ወገቤ ላይ ካለው መያዣ ብረት ጋር ገጭ አለና ቆመ።

እግሩ ከድንጋዮቹ በላይ የሁለት ፎቅ ቤት ያህል ቀርቶታል።

"ምን ሆንሽ? አውርጂኝ እንጂ!"

"አልቋል!"

"ምኑ?"

"ገመዱ!"

ዝቅ ብሎ ቋጠሮውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ቋጠሮው ባይኖር ጫፉ በእጄ ውስጥ እልም ብሎ ያልፍ ነበር፣ እኔም ባዶ እጄን ይዤ እቆም ነበር። እሱም ይህን ያኔ ነው ያየው።

ምላጭ አጭሩን ገመድ ሊያመጣ ወደ መኪናው ሮጠ። መኪናው ቁልቁል ሩቅ ነው። ታናሼ፣ "ቀበቶው እግሬን እያደነዘዘው ነው" አለ። ጠበቅን። "አይሰማኝም፣ እታለም፣ እግሬ አይሰማኝም።" ከዚያ በማላውቀው ድምፅ፣ "ውጪ" አለኝ።

ገባኝ። በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ላይ ነን። እኔ ወደ ላይ ከሄድኩ እሱ ወደ ታች ይመጣል። ሌላ ገመድ የለም።

ድንጋይ ነክቼ የማላውቅ ሴት። አንድ እግር። እሱ አንድ እግር ያህል ወረደ። ሌላ እግር። ወደ ታች አላየሁም፣ ታች ያለው እሱ የሚያርፍበት ድንጋይ ነው። መሃል ላይ ተገናኘን፣ ፊት ለፊት፣ ላቡ እስኪሸተኝ። "ግራ እግርሽን እዛች ቀዳዳ ላይ" አለ። አለፍኩት። እሱ መሬት ሲነካ እኔ የመሳቢያ ስፋት ያላት እርከን ላይ ፊቴን ድንጋዩ ላይ ለጥፌ ቆምኩ።

ፈራሁ። ግን እንግዳ ነገር፣ ቀለለኝ።

ምላጭ እያለከለከ አጭሩን ገመድ አምጥቶ ከእሱ ጫፍ ጋር ቀጠለው። ታናሼ መያዣውን ገጠመ። "ያዝኩሽ" አለ። ደግሞ፣ "ያዝኩሽ፣ ያዝኩሽ።" ወረድኩ። ሳቅፈው ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር።

ምላጭ ራሱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። "አንዱን ጫፍ ስቆርጠው ሌላው ደብዝዞ አስጠላኝ። ያንንም ያንኑ ያህል ቆረጥኩት። እኩል እንዲሆን ብዬ..."

እኩል ነው። አንድ ወገን ብቻ ቆርጦ ቢተወው ምልክቱ ከመሃል ሸሽቶ ትንሹ አለት ላይ እናውቅ ነበር። ፀጉር አስተካካይ ግን አንድ ወገን ቆርጦ አይተውም። ልሰድበው ፈልጌ ነበር። እያለቀሰ ነው፣ ምን ብዬ ልስደበው?

ኅዳር 26

ታናሼ ምሰሶ ላይ ከመውጣቱ በፊት ባልደረባውን ቀበቶዬን እይልኝ ይለዋል። አየሁት ሲለው፣ እስቲ ድገመው። ይስቁበታል አሉ። እማዬ፣ "ይሄ ልጅ ምን ነካው? ጎረምሳ ነው እኮ፣ በሩን ቆልፎ ተመልሶ ይነካካዋል" አለች። አልነገርኳትም። ሲነካካው ግን ከአልጋዬ እሰማዋለሁ። እኔም ተነሥቼ እነካካዋለሁ።

ታኅሣሥ 4

ከሥራ መውጫ ላይ ታናሼ ገመዱን ይዞ ሸራ ቤት መጣ። ጋሼን አስፈቅደን ረጅሙ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነውና በሜትር ለካነው። ምላጭ ሲቆርጥ እጁ ለጋስ ነው። ስንጨርስ ታናሼ ጠቅልሎ ወደ እኔ ገፋው።

"ሸራ ማሰሪያ አድርጊው። ከእንግዲህ አልወጣም።"

ስንት ሳምንት ስመኘው የነበረው ቃል ይሄ ነው። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም።

"እኔ ልውጣ" አልኩ። ማን እንደተናገረ ዞሬ ለማየት ምንም አልቀረኝ። "ትንሹን። አንተ ትይዘኛለህ።"

"አብደሻል? እጄ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አላየሽም?"

አይቻለሁ። ግን ያቺ እርከን ላይ የገባኝ ነገር አለ። ከላይ የሚፈራው ለራሱ ነው። ከታች ያለው የሰው ነፍስ ጨብጦ ነው የሚፈራው። እሱ ከዚያች አንዴ በቀር ታች ቆሞ አያውቅም። ይህንን ግን አልነገርኩትም፣ ሲይዝ ይገባዋል።

ታኅሣሥ 12

እሁድ። ትንሹ አለት። ሲነጋ አስመለሰኝ፣ ለእማዬ ያደረ ምግብ ነው አልኳት። ታናሼን በሩ ላይ ይዛ፣ "እህትህን ይዘህልኝ ና" አለችው። ከየት አመጣችው? ለእሱ ብላው አታውቅም። ቀና ብሎ አላያትም።

ገመዱን ለካ። ጫፉን ቋጠረ። ሳበው፣ ፈታው፣ ደግሞ ቋጠረው። "አንቺም ሳቢው።" ሳብኩት። ምላጭ አፉን ሊከፍት ሲል አየነውና ዘጋው።

የታናሼ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከወር በፊት እንዲህ ያለ እጅ ባይ ገመዴን አልሰጠውም ነበር። ዛሬ ሰጠሁት።

ጀመርኩ። አንድ እግር። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፣ ጣቴ ውስጥ ልቤ ይመታል። ግማሽ ላይ ደርሼ፣ ግራ እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ፣ ከታች፦

"ቁሚ!"

ነፍሴ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ድንጋዩን አቀፍኩት። ዘለበቴን አየሁ። ቋጠሮዬን አየሁ። ደህና ናቸው። አንገቴን አጠማዝዤ ታች አየሁት። ፊቱ ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ ገመዱን በሁለት እጁ አንቆ ይዞታል።

"ምንም... ዘለበቱ... የተከፈተ መስሎኝ ነው።"

ድምፁ አፍሯል። ያ ድምፅ የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

"እሺ" አልኩት። "ቆሜያለሁ። ደህና አድርገህ እየው።"

አየው። ብዙ ቆየ። እግሬ ተንቀጠቀጠ፣ አላጣደፍኩትም። "ደህና ነው" ሲል፣ ወጣሁ።