የሊድስ ኪያር

ልጄ ሚሬክ፣ የቸንስቶሆቫዋ እመቤታችን ከፊትህ ትቅደም፣ ከኋላህም ትከተልህ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ድንቹን አበላሽቶብናል፤ ውሻውም አርጅቶ መጮህ ትቷል።

ሹፌሩ ሌሼክ ሊድስ ላይ ራስህ ያኮመጠጥከውን የኪያር ጠርሙስ በሰላም አድርሶልኛል። የፋብሪካ ጓደኞችህ እሁድ እሁድ አንተ ዘንድ እንደሚበሉም አጫውቶኛል። ከሄድክ ጀምሮ ስምህን የማያነሳው አባትህ ጠርሙሱን ሲያይ፣ «በእንግሊዝ ውሃ የተነከረ ኪያር? ለአሳማው ስጪው!» ብሎ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግን ወጥ ቤት ቆሞ ሲበላ ያዝኩት፤ ጠርሙሱ ተጋምሷል።

«እንስላሉን አልነፈገም» አለ ዓይኔን ሳያይ። «የክሻን ቅጠል ግን አላገባበትም፤ ለዚህ ነው የለሰለሰው። እዚያ ክሻን የለም እንዴ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ደውልለት!»

አልደወለም። አካፋውን ይዞ ጓሮ ገባና እንደ ሰናፍጭ የሚያቃጥለውን የክሻኑን ሥር ቆፍሮ አወጣ፤ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ለሌሼክ ሰጠው። «ጥላ ቦታ ይትከለው በይው» ብሎኛል።

ልጄ፣ ሥሩ ሲደርስህ ደውል፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። እኔ እንደነገርኩህ ግን እንዳታወጣ። አምላክ እጅህን ይባርክ፤ ገበታህን ሰው አያሳጣው።

እናትህ ጄኖቬፋ